ሰው ያድርበታል?

ወልደማርያም በሩን ሳይፈትሽ አንድም ቤት ገብቶ አያውቅም። ሻይ ቤት ይሁን መድኃኒት ቤት፣ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ይቆምና መዝጊያውን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጭ? ቀጥሎ ጣሪያውን ያያል፤ መስኮቱን ያያል፤ ሌላ መውጫ ይኖር እንደሆነ በዓይኑ ይፈልጋል። ሰላምታ ትዝ የሚለው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች አመሉን ለምደውለታል። ዋሄን ገበያ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሀሊማ ገና ከሩቅ ስታየው "ዛሬስ መዝጊያዬ ደኅና አደረ?" እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን አይስቅም። "ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጊው ብዬሻለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ተጋፍቶ መውጫ ያጣል" ይላትና ይቀመጣል። በዚያች ሻይ ቤት እንኳን መጋፋት፣ አንዷ አግዳሚ ወንበር ሞልታ ታይታ አታውቅም።

ይህ አመል ከሥራው የመጣ ነው። ወልደማርያም በድሬዳዋ ማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ፈቃድ ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኖ ጠጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ሥራው ቤቶችን እንደ አገልግሎታቸው መመደብ ነበር። አዲስ ቤት የሠራ፣ ወይም የድሮውን ለሌላ ነገር ሊያውል ያሰበ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱም ሄዶ ያይና ምድቡን ይናገራል። ሰው የሚያድርበት ነው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ነው፣ ሰው የሚሠራበትና የሚነግድበት ነው፣ ወይስ ዕቃ የሚቀመጥበት? ምድቡ ከታወቀ የበሩ ስፋት፣ የደረጃው ቁመት፣ የግድግዳው ውፍረት ተከትሎ ይመጣል። አዲስ ተቀጣሪዎችን ሲያስተምር "የቤቱን ዓይነት ግድግዳውን አትጠይቁት፤ ሰው ውስጡ ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁ" ይላቸው ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ ሰው ያድርበታል? የተኛ ሰው ጭስ አይሸተውም፤ እሳት ቢነሳ መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው። ስለዚህ ሰው የሚያድርበት ቤት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይጠበቃል። ወልደማርያም ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ስለ ድንጋይና ስለ አሸዋ ሳይሆን ስለ ሕፃን ልጅ የሚያወራ ይመስል ነበር።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከሥራው ወጣ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ወሰንየለሽ አረፈች። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ግድግዳው ይበላው ጀመር፤ ከድንበር ማዶ ሀርጌሳ የምትባል የሶማሌዎች ከተማ በጦርነት ፈርሳ ግንበኛና አናጢ ትፈልጋለች ሲሉ ሰማና በጅጅጋ በኩል አቋርጦ ሄደ። ያገኛት ከተማ አንጀቱን በላችው። ጣሪያ የለ፣ መዝጊያ የለ፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ሰዉ ግን ከስደት እየተመለሰ ፍርስራሹ ላይ ላስቲክ ወጥሮ ይኖራል። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ዋይስ የሚባል አናጢ ሥራ ሰጠው፤ ማታ ማታም ከጣውላው ጀርባ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ያድር ነበር። "መቼ ነው የምትመለሰው?" ሲሉት "እዚህ ለጊዜው ነው" ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጊዜው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የውጭ ድርጅት ቤቶችን ሊጠግን መጣና ወልደማርያም የሚችለው ሥራ ተገኘ። ድርጅቱ ለመኖሪያ ቤቶች የጣሪያ ቆርቆሮ ይሰጣል። የሰፈር ሽማግሌዎችም ከድርጅቱ ጋር ተስማምተው ደንብ አወጡ። ባለቤት ነኝ የሚል ሁሉ በየቀኑ እየመጣ ተመላሹን ሰው ያፈናቅል ስለነበር፣ ሰው የሚያድርበትን ቤት ማንም እንዳያስለቅቅ፣ መጋዘን የነበረው ግን ገበያው እንዲያንሰራራ ለነጋዴ እንዲመለስ ተባለ። ለዚህ ሁሉ ቤቶቹ መመደብ ነበረባቸው። ወልደማርያም ቀለምና ብሩሽ ተሸክሞ በየቤቱ እየዞረ በበሩ መቃን ላይ ምልክት ያደርጋል፦ ሰማያዊ ሰው ለሚያድርበት፣ አረንጓዴ ለመሰብሰቢያ፣ ቢጫ ለሥራ ቦታ፣ ቀይ ለመጋዘን። አንዳንድ ተቆጣጣሪ በሙክት እየተደለለ ቀለም ሲለውጥ ተያዘና፣ አንዴ የተቀባ ቀለም ያለ ድርጅቱ ኢንጂነር ዓይን አይለወጥም የሚል ተጨመረ። ይህን ያስጨመረው ማን መሰላችሁ? ራሱ ወልደማርያም ነው።

የዋይስን አናጢ ቤት ሲመድብ ቢጫ ቀባው። ዋይስ ቆሞ እያየው "አንተስ? አታድርበትም እንዴ?" አለው። ወልደማርያም ብሩሹን እያጠበ "አናጢ ቤት አናጢ ቤት ነው። እኔ ለጊዜው ነኝ" አለና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ዋሄን ዳር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ የቆየ ግንብ አለ። ጣሪያው ተወስዶ በላስቲክ ተሸፍኗል። ወልደማርያም እዚያ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነበር። በሩ ሰፊ የብረት በር ነው፤ በሽቦ ታስሯል። ፊት ለፊቱ ጭነት የሚራገፍበት የሲሚንቶ መድረክ አለ። መስኮት የለውም፤ ከላይ ትንንሽ የአየር ማስገቢያ ብቻ። ልቡ እዚያው ፈረደ። ቢሆንም አመሉ ነውና በሽንቁር አጮልቆ አየ። በርሜል፣ የተሞሉ ጆንያዎች፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ፣ በገመድ ጥብቅ ተደርገው የታሰሩ ሰሌኖች። ልክ ዋሄን ውስጥ ለሽያጭ እንደሚደረደሩት። አልጋ የለም፤ ፍራሽ የለም። "ሰው ያድርበታል?" ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ራሱም መለሰ። ቀይ ቀባና ሄደ።

ሦስት ዓመት ሀርጌሳ የኖረ ሰው አልጋ ፈለገ! እዚያ አገር ብዙ ሰው መኝታውን ጎህ ሲቀድ ጠቅልሎ አስሮ እንደሚያቆም፣ ቀን ላይ ቤቱ ባዶ ሜዳ እንደሚመስል ያውቅ ነበር። ግን ሌሎቹን ቤቶች ሲያይ ሴትም ልጅም ውስጡ ነበረ፤ ይህኛው ጭር ብሎ ስላገኘው አልጋ የለመደ ዓይኑ ቀደመውና ግድግዳውን ጠየቀ።

በማግስቱ ሀሊማ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዲት ረዥም፣ ጠይም ሴት መጥታ ከፊቱ ቆመች። ማርያን ትባላለች። ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ በስደት ዘመኗ ጅጅጋ ገበያ ወተት እየሸጠች አማርኛ የለመደች ሴት ናት።

"ቀለም ቀቢው አንተ ነህ?" አለችው።

"ነኝ እህቴ።"

"እኔ ዕቃ ነኝ?"

ወልደማርያም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ልጆቼ ሩዝ ናቸው? ስኳር ናቸው? ሮብሌ ነጋዴው ዛሬ መጣ። ቀዩን አየ። 'መጋዘን ነው፣ ድርጅቱም መሰከረ፣ ሐሙስ ቁልፍ ይዤ እመጣለሁ' አለ። አምስት ነፍስ ይዤ የት ልግባ? አንተ ጻፍክ፣ አንተ ንገረኝ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ተነሥቶ ተከተላት። ግንቡ ውስጥ ሲገባ፣ ከበሩ ጀርባ የልጆች ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ያለው ግድግዳ ከምድጃ ጥላሸት ጠቁሯል። ጆንያዎቹ ልብስና ድስት ናቸው፤ በርሜሉ ውሃ። የማርያን ታላቅ ልጅ ቢላን፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ሰሌኖቹን ተደግፋ ተቀምጣለች። ወልደማርያም አንዱን ሰሌን በእጁ ዳሰሰው። መሐሉ ከመተኛት ብዛት አልቋል። ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"አጥፍቻለሁ" አላት። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አስተካክለዋለሁ።"

የድርጅቱ ኢንጂነር ትዝታ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ወጣት ግን ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ወልደማርያም ነገሩን ሲነግራት ግንባሯን በእጇ ይዛ ሰማችው።

"ጋሽ ወልደማርያም፣ እኔ እርስዎን አምናለሁ" አለች። "ግን ባለፈው ሳምንት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ ነጋዴ ቆርቆሮ ለማግኘት መጋዘኑን ሰማያዊ ለማስቀባት ሰው ከነልጆቹ፣ ከነድስቱ ተከራይቶ አስቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹም እኔ ራሴ ካላየሁ አይቀበሉም። ደንቡንም ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

"ነኝ ልጄ። እኔው ነኝ።"

"ሐሙስ ከቀትር በፊት እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ መኪና እንዲንቀሳቀስ አይፈቀድልንም፤ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ያለው የታጣቂዎች ነገር አላማረም። ብቻ በዓይኔ ልይ። የተዘጋጀ ነገር ካየሁ ግን ቀዩ እንደ ቀይ ይቀራል።"

ከዚህ በኋላ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ኢንጂነሯ የምትመጣው በቀን ነው። በቀን ሰሌኑ ይታሰራል፤ ማርያን ገበያ ናት፤ ልጆቹ ቁርአን ቤት ናቸው። እሱን ያሳሳተው ባዶ ቤት እሷንም እንዳያሳስታት ፈራ። ረቡዕ ዕለት ወደ ማርያን ሄደ። የጥቅምት ብርድ ነው ብሎ ቢያልፈውም ሰውነቱ ከጠዋት ጀምሮ ይንዘፈዘፍ ነበር።

"ማርያን፣ ነገ አንድ ቀን ሰሌኑን አትጠቅልዪው። እንደ ተነጠፈ ይቆይ።"

ማርያን የወተት ዕቃዋን እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችው። "ሰሌን በቀን?"

"ለአንድ ቀን ነው።"

"በእናቴ ቤት በቀን የሚተኛ ሁለት ሰው ነው፤ የታመመና የሞተ። ቤቴ የታመመ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። የሞቱትንም ቀብሬያለሁ። ለፈረንጅ ቆርቆሮ ብዬ ልጆቼ ላይ ሟርት አላነጥፍም።"

"ኢንጂነሯ ካላየች እኮ ሮብሌ ቤቱን ይወስደዋል!"

"ወላሂ ይውሰደው። እዚህ እንደምኖር ሰው ካላወቀ፣ ሰሌን ቢነግረው ያምናል?"

ወልደማርያም ክርክሩን ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ጥርሱ ግን ተንገጫገጨና ቃሉን በላው። የድሬዳዋ ወባው ተነሥቶበታል። ድሮም እንዲህ ነው፣ ቀን ጠብቆ ይጥለዋል። ኪኒኑ ኮድቡር፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ነው ያለው። እግሩን እየጎተተ ሄደ።

አናጢ ቤቱ ግን ተቆልፏል። የዋይስ ሳይሆን ሌላ ትልቅ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ዋይስ ተኩስ ፈርቶ ቤተሰቡን ወደ ገጠር ሊያሸሽ ጠዋት ሄዷል። የሰፈሩ ጠባቂዎች ደግሞ ታጣቂ እንዳይሸሸግባቸው ሰው የማያድርባቸውን ቤቶች ሁሉ እየዞሩ ቆልፈዋል። ወልደማርያም ጠባቂውን አግኝቶ ለመነው፤ ብርድ ልብሴ ውስጥ ነው፣ መድኃኒቴ ውስጥ ነው አለው።

"ታድርበታለህ እንዴ?" አለ ጠባቂው ተገርሞ። በመቃኑ ላይ ያለውን ቢጫ አሳየው። "ይህ እኮ ሰው አያድርበትም ማለት ነው። አንተ ነህ የቀባኸው አሉ።"

ቁልፉ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ ያ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወልደማርያም በአናጢ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። የመደባቸው ቤቶች ሁሉ በዓይኑ መጡበት፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ይህን ሁሉ ሰው ቤት አለው ብሎ መስክሮ ለራሱ አንዲት ጠብታ ቀለም አላስቀረም። ሚስቱን አሰበ፤ ከዚያም ማሰብ ተሳነው።

ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያዞረው ሰው ነው ያየው። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቀው ሀሊማ አለ፤ ሀሊማ ደግሞ ወሬውን ለማርያን አደረሰች። ማርያን ገበያዋን ትታ ሮጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልደማርያም በውሃ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ራሱ ቀይ በቀባው በር ገባ። የማርያንን ድምፅ እንደ ሕልም ሰማው፦ "ቢላን፣ ሰሌን አንጥፊ። ወፍራሙን። ቤታችን የታመመ ገባ።"

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው አያውቅም። በማግስቱ ሲነቃ ብርሃኑ በላስቲኩ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። ላቡ ፈስሷል። አጠገቡ ውሃና የፍየል ወተት ተቀምጧል። ማርያን ገበያ አልሄደችም። ሀሊማ ከየት እንዳመጣችው ያልታወቀ ኪኒን ስታስውጠው "ቢስሚላህ በል" አለችው፤ እሱም "በስመ አብ" ብሎ ዋጠው፤ ማርያን ሳቀች። ከዚያ ከውጭ የመኪና ድምፅ መጣና ሳቁ ቆመ።

ሮብሌ ቀድሞ ደርሷል። ሽበታም፣ ሲናገር የማይቸኩል ነጋዴ ነው። የራሱ መደብር በቦምብ ፈርሶ ሸቀጡ ሜዳ ላይ ዝናብ የሚጠብቅ፣ ክፉ ሳይሆን የጨነቀው ሰው። ቁልፉን በእጁ ይዟል፤ ከኋላው ሁለት ጠባቂዎች። ኢንጂነር ትዝታ ከመኪናው ወርዳ በሰፊው በር ገባች፤ ዓይኗ ከፀሐዩ ወደ ጨለማው እስኪለምድ ቆመች። ከዚያ አየችው።

"ጋሽ ወልደማርያም!" ሮጣ መጥታ ተንበረከከች። ግንባሩን ዳሰሰች። "ምነው? ቢሮ ሲቀሩ ፈርቼ… እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። "ይቅርታ ልጄ፣ ለማስመሰል አይደለም" አለ። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነበር ያሳፈረው። "ያዘጋጀሁት እንዳይመስልሽ።"

"ሰው ይከራያሉ፣ ድስት ይከራያሉ" አለች ትዝታ እጇን ከግንባሩ ሳታነሣ። "እንዲህ ያለ ትኩሳት ግን የሚያከራይ አላየሁም።"

ሮብሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "አላህ ይማርህ" አለ በሶማሊኛ፤ ከልቡ ነው። ቀጥሎ ግን ወደ ትዝታ ዞረ። "እንግዳ ቢታመም ቤቱ መኖሪያ አይሆንም። ይህ ሰው የዚህ ቤት ሰው አይደለም። ኮድቡር፣ ዋይስ አናጢው ዘንድ ነው የሚያድረው፤ አገር ያውቃል።"

ሀሊማ ተረጎመችላት። ትዝታ ወልደማርያምን አየችው። "የዋይስ ቤት ቢጫ አይደለም እንዴ? ሰው አያድርበትም ብለውኝ ነበር።"

ወልደማርያም ዓይኑን ወደ ላስቲኩ መለሰ።

በዚህ መሐል ልጆቹ ከቁርአን ቤት መጡ። የውጭ ሰው መብዛቱን አይተው አንድ ጊዜ ደንገጥ አሉ፤ ግን ርቧቸዋል። ጫማቸውን ከበሩ ጀርባ አወለቁ። የሚጽፉበትን ጣውላ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምስማር ላይ፣ ሳያዩ፣ እጃቸው እንደለመደው ሰቀሉ። ትንሿ የወልደማርያምን እግር ተራምዳ ወደ ድስቱ ሄደች። ትዝታ ይህን ሁሉ በዓይኗ ተከታተለች። ቀና ብላ ጥላሸቱን አየች፤ ምስማሮቹን አየች።

"ማርያን፣ እዚህ የሚያድረው ማን ማን ነው?" አለች።

ማርያን ቀጥ ብላ ቆመች። "እኔ። ልጄ ቢላን። ከቢላን ሆድ የሚመጣው፣ ኢንሻአላህ። እነዚህ ሦስቱ፤ አንዷ የእኔ ናት፣ ሁለቱን ጦርነት ነው የሰጠኝ።" ትንሽ አሰበች። ከዚያ በአገጯ ወደ ሰሌኑ አመለከተች። "ወልዴም።"

ወልደማርያም ደነገጠ። ትክክለኛ ሰው ነው፤ አንዲት ሌሊት አድሮ ነዋሪ መባል ደንቡ እንደማይፈቅድ ያውቃል። "እኔ እንኳን ለጊዜ…" ብሎ ጀመረ። ቃሉ ግን አልጨረስ አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያስበው ከአፉ የሚወጣው ቃል እንባ ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢላን ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገችለት።

ሰማያዊ ቀለሙ በወልደማርያም ቦርሳ ውስጥ ነበር። ትዝታ ራሷ ብሩሹን ነክራ መቃኑ ላይ ከቀዩ በላይ ቀባችበት። "ይንጠባጠባል፣ ልጄ፣ ብሩሹን ጠርዙ ላይ ጥረጊው" የሚል ደካማ ድምፅ ከሰሌኑ መጣና ጠባቂዎቹም ሳቁ። ሮብሌ ግን አልሳቀም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሊሄድ ሲል ማርያን ጠራችው። "ሩዝህ በዝናብ እንዳይበላሽ በዚያኛው ጥግ አምጥተህ ጣል" አለችው። "ልጆቼን ግን አታንቃቸው።"

ከሮብሌ ቀድሞ የመለሰው ወልደማርያም ነው። ትኩሳቱ ሳይለቀው በክርኑ ተደግፎ ተነሣና "አይሆንም!" አለ። "መጋዘንና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ መሐሉ ላይ ግድግዳ ያስፈልጋል። ቢያንስ ጣሪያ የሚነካ ግድግዳ።"

"ጣሪያ እኮ የለንም ወልዴ" አለች ማርያን። "ተኛ።"

እሱም ተኛ። ሲሻለው ግን ያንን ግድግዳ ከወዳደቀ ብሎኬት ሠራው፤ ሮብሌ ድንጋይ አቀበለው። የሩዙ ጆንያ ከወዲያ፣ ሰሌኑ ከወዲህ ሆነ። ዋይስ ተመልሶ ቤቱን ሲከፍትለት ብርድ ልብሱን ለመውሰድ ብቻ ሄደ። ጠዋት ጠዋት የራሱን ሰሌን ራሱ ጠቅልሎ አስሮ ያቆም ጀመር። አስተሳሰሩን ትንሿ ልጅ አስተማረችው፤ ብዙ ጊዜም ፈታ እንደገና አሰረችበት።

ቆርቆሮው ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ። ኅዳር ሲገባ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ላይ ወረደ፤ ድርጅቱ ሰዎቹን አወጣ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተመለሰው ሕዝብ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ፈለሰ። ማርያን፣ ልጆቹ፣ ሕፃን ያቀፈችው ቢላንና ወልደማርያም በሮብሌ የጭነት መኪና ላይ ከሩዙ ጋር ተጭነው ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት ወልደማርያም የብረቱን በር በሽቦ አሰረ። ሰማያዊውን በመዳፉ አበሰ፤ ደርቋል፣ አይለቅም።

ድንበሩ ላይ ካለችው ቶጎጫሌ ሲደርሱ በኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያነጋግር ነበር። ወልደማርያምን ሲያይ ፊቱ ፈክቶ በአማርኛ አነጋገረው። "አባቴ፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት! ቤትዎ የት ነው? ድሬዳዋ?"

ወልደማርያም ወደ መጣበት አቧራማ መንገድ ዞሮ ጠቆመ። "ሀርጌሳ ነው። ዋሄን ዳር፣ ሰማያዊ ቀለም ያለበት በር።"

ፖሊሱ ግራ ገባው። "ታዲያ እዚህስ?"

"እዚህ ለጊዜው ነው" አለ ወልደማርያም፤ ሰሌኖቹን ከመኪናው ለማውረድም ሄደ።